የሸማኔው ሦስት ጠባሳ

አንድ ሸማኔ ነበረ። ኑሮው በእጁና በእግሩ ነው፤ እጁ መወርወሪያውን ያመላልሳል፣ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ይረግጣል። ሚስትና ገና ጡት ያልጣለች ልጅ ነበሩት።

ሆዱን ያመው ጀመር። ቢመረመር፣ ከሆዱ በስተኋላ ወደ እግሩ በሚወርደው ነርቭ ሽፋን ላይ ዕጢ በቅሏል ተባለ። ከስንት ሰው በአንዱ ላይ ነው እንዲህ ያለው የሚወጣ። ክፉ ዓይነት አይደለም፣ ግን እያደገ ነው፤ ሲያወጡት ነርቩ ከተቆረጠ ደግሞ ያ እግር አይረግጥም። ሚስቲቱ ይህን ስትሰማ ወተቷ ጡቷ ውስጥ የደረቀ መሰላት።

ሐኪሙ ሦስት ቀዳዳ ብቻ በስቶ፣ በካሜራ እያየ እንደሚያወጣው ነገራቸው። ዕጢው እንዲለይለት በደም ሥር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በልዩ መብራት ሲያዩት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።

ሸማኔው አሻፈረኝ አለ። ሰፋ አድርገህ ክፈተኝና ሁሉንም በዓይንህ እይ፣ በቀዳዳ ማሾለቅ ሥራ ነው ወይ ብሎ ተነሣ። ሰፋ ብሎ የተከፈተ ሁሉ በደንብ የታየ ይመስለው ነበር።

ሚስቲቱ በር ላይ ያዘችው። ልጅቷን ያዘለችበትን ነጠላ፣ የገዛ እጁን ሥራ፣ ጫፉን አነሣችለት።

«እዚህ መሐል ቋጠሮ ብታገኝ፣ ለማየት ብለህ ትተረትረዋለህ?»

«ምን አበድኩ? ወደ ብርሃን ይዤ በመርፌ ጫፍ አወጣዋለሁ እንጂ። ጎረቤቱ ክር ምን በደለ?»

«ታዲያ ሐኪሙስ ሌላ ምን አለህ?»

ሸማኔው ነጠላውን አየ። ተመልሶ ገብቶ ፈረመ።

የቀዶ ጥገናው ቀን ሚስቲቱ ደጅ ላይ ልጇን እሹሩሩ ስትል ዋለች። ሲያልቅ ሐኪሙ በካሜራው ያነሣውን ፎቶ አሳያት፤ ዕጢው እንደ ለምለም ቅጠል በርቷል፣ ነርቩ ከአጠገቡ ጠቁሮ፣ ሳይነካ ተጋድሟል። ሸማኔው ሲነቃ ሐኪሙ መዳፉን እግሩ ሥር አድርጎ «በል እርገጠኝ» አለው። ረገጠው።

«ቀስ በል እንጂ፣ እኔ መርገጫ አይደለሁም» አለ ሐኪሙ።

ሸማኔው ከዳነ በኋላ መጀመሪያ የሸመነው ጋቢ ለሐኪሙ ሆነ። ጎረቤት ሳቀባቸው፤ ምስር ለምታህል ጠባሳ ጋቢ ይሰጣል እንዴ ተባለ። ሚስቲቱ አልመለሰችም። ከጓዳ የመርገጫውን ድምፅ እየሰማች ተመስገን ትል ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ የጓደኛሽን እስክሪብቶ ወስደሽ አስተማሪሽ ለብቻሽ ጠርታ መከረችሽ። አልጮኸችም፣ ክፍሉም አልሰማም። አመስግኛት ስልሽ፣ ምን አደረገችልኝና ነው የማመሰግናት ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሸማኔው ሐኪሙን ያመሰገነው ዕጢውን ስላወጣለት ብቻ መሰለሽ? ነርቩን ሳይነካ ስለተወለትም ነው። እሷም ጥፋትሽን አወጣችልሽ፣ ስምሽን ግን አልቆረጠችውም። ነገ በጠዋት ሂጂና እግዜር ይስጥልኝ በያት።