ቀን የሌለው ግብዣ

በአንድ ወቅት፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከውሃ ይልቅ ገበያተኛ በሚበዛበት በድሬዳዋ፣ ዘቢባ የምትባል የሰርከስ አሠልጣኝ ነበረች። በወጣትነቷ ገመድ ላይ ስትሄድ ያዩዋት ሰዎች ዛሬም ያወሩላታል። ጉልበቷ ከተጎዳ ወዲህ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ መገለባበጡንና በሰው ትከሻ ላይ መቆሙን ታስተምራቸው ጀመር። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፤ የጎደላቸው የሚያያቸው ሰው ነው። ዘቢባ በሞምባሳ ባሕር ዳር በሚካሄደው ትልቅ የሰርከስ በዓል ለመሳተፍ ማመልከቻ ልካ መልሱን ስትጠባበቅ ከረመች። በዚህ መሐል አንዳንዶቹ ልጆች ሥራ ፍለጋ መበተን ጀመሩ። «ዘንድሮ ካልተጠራን ቡድኑ አለቀለት» ትል ነበር ለራሷ። ለልጆቹ ግን ትንፍሽ አላለችም።

ሰርከሱ የሚለማመደው በአንድ የወጣቶች ማዕከል ግቢ ውስጥ ነው። የማዕከሉን የኢሜይል ሰርቨር የሚጠብቁት ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ፤ ታላቅየው ሙራድ፣ መካከለኛዋ ረምዚያ፣ ታናሽየው ነስሩ።

ሙራድ ጠንቃቃ ሰው ነው። መቼም እያንዳንዱ ኢሜይል ከጽሑፉ በላይ ራስጌ የሚባል ክፍል አለው። ከማን እንደመጣ፣ ለማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተላከ፣ በየትኞቹ ሰርቨሮች በኩል እንዳለፈ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ሙራድ ታዲያ ሰርቨሩ ራስጌው ያልተስተካከለ መልእክት እንዳያስገባ አደረገ። ላኪው በሁለት የተለያየ ስም ከተጻፈ አይገባም። የተላከበት ቀን ከሌለ አይገባም። የታገደው ሁሉ ለብቻው ይቀመጥና ሳምንት ሲሞላው ይጠፋል። ሰዉ «አቦ፣ አንተ ደግሞ አበዛኸው!» ቢለውም ጆሮ አልሰጠም።

አንድ ቀን በሞምባሳው በዓል ስም መልእክት መጣ። «ተመርጣችኋል! የልጆቹን ፓስፖርት ሰብስባችሁ ጅቡቲ ለሚገኘው ወኪላችን ላኩ» ይላል። ራስጌው ላይ ግን ሁለት ላኪ ነበረው፤ አንዱ የበዓሉ ስም፣ ሌላው ማንም የማያውቀው። ሰርቨሩ አገደው። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ከተማ ያለ ሰርከስ ያንኑ መልእክት አምኖ ፓስፖርቶቹን እንደላከና ወኪል ተብዬው የገባበት እንደጠፋ ተሰማ። ዘቢባ ይህን ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ የሙራድን ግንባር ሳመች።

ረምዚያ ደግሞ ነገር ካላጣራች እንቅልፍ አይወስዳትም። የታገዱት መልእክቶች ከመጥፋታቸው በፊት አንድ በአንድ ታያቸዋለች። እንዲህ ስታይ፣ በዚያው በበዓሉ ስም የመጣ ሌላ መልእክት አገኘች። ላኪው አንድ ነው፤ የተላከበት ቀን ግን አልተጻፈም። ረምዚያ ራስጌውን መስመር በመስመር አነበበችው። መልእክቱ ያለፈባቸው ሰርቨሮች ስማቸውን እየጻፉ ነው የሚያሳልፉት፤ እሷም ከድሬዳዋ ተነስታ መንገዱን ወደ ኋላ ተከትላ ሞምባሳ ደረሰች። በዓሉ የዘቢባ ማመልከቻ እንደደረሰው ካሳወቀበት ከቀድሞው መልእክት ጋር አስተያየችው፤ መንገዱ አንድ ነው። መልእክቱ በመንገድ እንዳልተቀየረ የሚያሳየው የላኪው ሰርቨር ማኅተምም አልተነካካም።

«ሙራድ፣ ይኼ እውነተኛ ነው» አለችው።

«ቀን የለውም።»

«ኮምፒውተራቸው ቀን መጻፍ ረስቶ ነው እንጂ ከእነሱ ነው የመጣው!»

«ዛሬ ለዚህ ከከፈትን ነገ ለሌባውም ልንከፍት ነው። ቀኑን ጽፈው ይላኩት።»

ረምዚያ ሙራድ ለምሳ እስኪወጣ ጠብቃ፣ ሳትነግረው መልእክቱን ወደ ዘቢባ ሳጥን አስገባችው።

ዘቢባ በዚያን ቀን አራስ እህቷን ልትጠይቅ ጅጅጋ ሄዳ፣ እየተመለሰች ነበር። ኢሜይሏን እንዲያይላት የተወችው ለነስሩ ነው። ነስሩ መልእክቱን ሲከፍት ክው አለ። «እስከ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ካልመለሳችሁ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን። ሌላ ቡድን የማያሳየው ምን ትርኢት እንደምታመጡም ንገሩን» ይላል። ዕለቱ ደግሞ ሐሙስ ነው። ዘቢባ ጋ ደወለ፤ መንገድ ላይ ስለሆነች ስልኳ አይሠራም። ደጋግሞ ሞከረ፤ የለም። በመስኮት ወደ ግቢው ሲመለከት፣ ፈቲያ የምትባለው የሰርከሱ ልጅ ለጨዋታ ብላ ሁለት ወንዶች በትከሻዋ ተሸክማ ትዞራለች። ነስሩ ቁጭ አለና በዘቢባ ስም ጻፈ፦ «እንመጣለን። አንዲት ልጅ ብቻዋን ከታች ቆማ አምስት ወንዶች የምትሸከምበት ትርኢት ይዘን እንመጣለን። ኮምፒውተራችሁም ቀን መጻፍ ረስቷልና አስተካክሉት።» ላከው። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ዘቢባ ከአውቶቡስ ስትወርድ ነስሩ እየሮጠ ተቀበላት።

«እትዬ ዘቢባ፣ ሞምባሳ ልንሄድ ነው!»

«ማን ፈቅዶ?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«በእርስዎ ስም ጽፌ ነዋ።»

የቀረውን ሁሉ የሰማችው ያኔ ነው። አምስት ወንዶች የሚለው ላይ ሲደርስ ሻንጣዋ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። በጥፊ ልትለው እጇን አነሳች፤ ግን ሳቋ ቀደማት።

«ፈቲያን ጠይቀሃታል?»

«ገና ነኝ።»

ተያይዘው ሄደው ጠየቋት። ፈቲያ ወንዶቹን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና «እሺ። ግን ከመውጣታቸው በፊት ምሳ እንዳይበሉ» አለች።

ልምምዱ ተጀመረ። በአሸዋው ላይ እየተደረመሱ፣ እየሳቁ፣ አቧራቸውን አራግፈው እንደገና እየወጡ ሰነበቱ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አምስተኛው ልጅ ከላይ ወጥቶ እጆቹን ዘረጋ። ከታች የፈቲያ ጉልበት አልተነቃነቀም። በአጥር ላይ ተንጠላጥሎ ሲያይ የነበረው ሰፈርተኛ በእልልታ ግቢውን ሞላው። ሥራ ፍለጋ የሄዱት ልጆችም ወሬውን ሰምተው አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። ዘቢባ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

መሄጃው ሲቃረብ ከሞምባሳ አዲስ መልእክት መጣ። ራስጌው የተስተካከለ ነበርና የሙራድ ሰርቨር ያለ ጥያቄ አሳለፈው። «ይህ ጉዞ እንዲሳካ ያደረገ አንድ ሰው በእንግድነት ይዛችሁ ኑ፤ ቦታው ግን ከአንድ ሰው አያልፍም» ይላል። ከሦስቱ የአንድ እናት ልጆች አንዳቸውም ባሕር አይተው አያውቁም። ዘቢባ ጠርታ አነበበችላቸው።

«እኔ ባልዘጋ ኖሮ ፓስፖርቱ ይሄኔ በሌባ እጅ ነበር» አለ ሙራድ። «ያለ ፓስፖርት ማን ይሄዳል?»

«እውነተኛውንም አብረህ ዘግተህ የለ?» አለች ረምዚያ። «እኔ ባላወጣው ኖሮ ሳምንቱ ሞልቶ ጠፍቶ ነበር። ሳይጠራ ማን ይሄዳል?»

«አንቺ ደግሞ ከእኔ ተደብቀሽ!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ነስሩ። «እኔ ባልመልስ ኖሮ ቦታው የሌላ ነበር።»

«የሌለ ትርኢት አለን ብለህ!» አሉት ሁለቱ በአንድ አፍ፤ ከዚያ ሦስቱም ሳቃቸውን ለቀቁት።

ዘቢባም አብራ ሳቀች፤ አንዱን መምረጡ ግን ቸገራት። ሙራድ በሕጉ ጸንቶ ልጆቹን አድኗል፤ በዚያው ሕግ ደግሞ ግብዣቸውን ሊያጠፋባቸው ነበር። ረምዚያ እውነቱን አጣርታ ደርሳበታለች፤ ነገር ግን ከወንድሟ ተደብቃ በሩን ከፍታለች። ነስሩ በሰዓቱ ደርሷል፤ ያም ሆኖ በሰው ስምና በፈቲያ ትከሻ ቃል ገብቷል። አንዳቸው ቢጎድሉ ዛሬ ግቢው ውስጥ የሚጨፍር አይኖርም ነበር። ውጭ ከበሮ ይመታል፤ የሰርከሱ ልጆች ጓዛቸውን እየጠቀለሉ ይዘፍናሉ። ዘቢባ የመልሱን ገጽ ከፍታ «የእንግዳው ስም» የሚለው ላይ ደረሰች። ሦስቱም ከኋላዋ ቆመው ያያሉ።

እናንተ የሰማችሁ ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱላት፤ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ የማንን ስም ትጻፍ? ባሕሩን ማየት የሚገባው ማን ነው?