ላሟ መንደርደሪያው ላይ የወለደች ዕለት

በአንድ ወቅት፣ ቀኑን እንኳ ለይቶ ለመናገር ሚያዝያ ዘጠኝ ማክሰኞ፣ የካፒቴን ይትባረክ ነገር ሁሉ ተበላሸ። ከዚያች ማክሰኞ በፊት የተማረ፣ የተከበረ፣ ሁለት ዲግሪ ያለው አብራሪ ነበር። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ የተማረና ሁለት ዲግሪ ያለው አብራሪ ነው።

ይትባረክ የሚሠራው «ገደል ማዶ» በሚባል ትንሽ የአገር ውስጥ አየር መንገድ ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ እንደማያውቅ ያስታውቃል። ድርጅቱ አራት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች፣ አሥራ አምስት አብራሪዎች ከነረዳቶቻቸውና አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበሩት። ሥራ አስኪያጁ አቶ አስራደ ቀደም ሲል የአውቶቡስ መናኸሪያ ኃላፊ ስለነበሩ፣ አብራሪም እንደ ሾፌር ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የሚላክ ይመስላቸዋል። የሳምንቱን የበረራ ድልድል ቢሯቸው ባለው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፤ ማምሻውን ያጠፉታል፤ ሊነጋጋ ሲል ስልክ ይደውላሉ።

«ካፒቴን፣ ተነሥ፤ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ።»

በዚህ የተነሣ በገደል ማዶ ቀጠሮ የሚባል ነገር አልነበረም። ካፒቴን ገልገሎ በገዛ ሠርጉ ዕለት ሦስት በረራ ተመድቦለት፣ ሙሽራዋ ከሚዜዎቹ ጋር ብቻዋን ፎቶ ተነሥታ ጨረሰች። ካፒቴን ምንትዋብ ክርስትና ላነሣ ብላ ቃል የገባችለትን ሕፃን፣ እሷ በአየር ላይ ሳለች ጎረቤት አነሣው። ይትባረክ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊቀበል በነበረበት ቀን ወደ ቆላ ተላከና የሚስቱ ወንድም ጋዋኑን ለብሶ ወረቀቱን ተቀበለለት። ፎቶግራፉ አማቱ ሳሎን ተሰቅሏል። ከሥሩ «ልጃችን ይትባረክ» ይላል። ዲግሪው የአመራር ሳይንስ ነው።

አንድ ቀን አብራሪዎቹ በሠራተኞች ሰርቪስ ታጭቀው ሲሄዱ ገልገሎ፣ «በቃ፣ ሥራ እናቁም» አለ።

«ታቆምና? እሳቸው በሳምንቱ አሥራ አምስት ሌላ ሰው ይቀጥራሉ» አለችው ምንትዋብ።

ለይትባረክ ግን ሐሳብ መጣለት። ለሦስት ሳምንት ጠፍቶ ከረመና የድርጅቱን የበረራ መመሪያ፣ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቦ ተመለሰ። ከእሱ በፊት ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው አልነበረም፤ ያሳተሙት አቶ አስራደም ጭምር።

«ሥራ አናቆምም» አለ ሰርቪሱ ውስጥ ቆሞ፣ ጣሪያው አንገቱን ስላጎበጠው እንደ ሰባኪ ዝቅ ብሎ። «እንሠራለን። ግን መጽሐፉ እንደሚለው ብቻ። ገጽ ሦስት መቶ አሥራ አንድን ስሙ፦ ‹ካፒቴኑ ከመነሣቱ በፊት መንደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር ከእንስሳት ነፃ መሆኑን ራሱ በአካል ያረጋግጣል።›»

ሁሉም ሳቁ። በየገጠሩ ጣቢያ ያለው ልማድ ሌላ ነበርና። የጣቢያው ዘበኛ ከብቶቹን ወደ ጥግ ነድቶ ነጭ ጨርቅ ያውለበልባል፤ አብራሪው ጨርቁን አይቶ ይነሣል፣ ጨርቁን አይቶ ያርፋል። ራሱ በአካል ያረጋግጣል ማለት ግን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በእግር ሄዶ መመለስ ነው። በየጣቢያው፣ በየበረራው።

«አንተ ሰውዬ፣ ለካ ያ ዲግሪ የእውነት ኖሯል!» አለ ገልገሎ። አሥራ አምስቱም እጃቸውን አንሥተው ማንም ላያፈርስ ቃል ተገባቡ። ቀኑም ሚያዝያ ዘጠኝ ሆነ።

ያን ዕለት ጧት ይትባረክ ዩኒፎርሙን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ደረሰ። የመጀመሪያው በረራ የእሱ ነበር። አውሮፕላኑ ላይ ሊወጣ ሲል ረዳት አብራሪው ዐይን ዐይኑን አየው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው መነጽርዎስ?»

«የምን ሁለተኛ?»

«ገጽ ሰማንያ ስምንት። መነጽር የሚያደርግ አብራሪ ትርፍ መነጽር ሳይዝ አይበርም። እርስዎ ነዎት ያስነበቡን።»

ይትባረክ ኪሱን ዳበሰ፤ ቦርሳውን ፈተሸ። ትርፍ መነጽር በሕይወቱ ኖሮት አያውቅም። እንዲህ ሆኖ የትግሉ ቀያሽ የትግሉን ቀን ዋናው ቢሮ ኮሪደር ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። እሱ እንደሚለው ጄኔራል ጦር ሜዳ ላይ አይሮጥም። ሌሎቹ ግን እስከ ዛሬ «መነጽሩ» እያሉ ይጠሩታል።

ገልገሎ ረፋዱ ላይ ዳሞቃ በሚባል የገጠር ጣቢያ ነበር። ሃያ ሁለት መንገደኞች ጭኖ ሊነሣ ሲል ሞተሩን አጠፋና መንደርደሪያውን በእግሩ ተያያዘው። ከመጨረሻው ጫፍ ሣሩ ላይ አንዲት ቀይ ላም ተኝታ አገኘ። ምጥ ላይ ነበረች።

«ካፒቴን፣ ምን አስጨነቀህ?» አለው ዘበኛው ጨርቁን እንደያዘ። «እሷ ጋ ሳትደርስ ትነሣ የለ!»

«ከዳር እስከ ዳር ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

የላሟ ባለቤት ወይዘሮ አመለወርቅ ከመንደር እየሮጡ መጡና እግሯ ሥር ተቀመጡ። «ንክች የሚያደርጋት ሰው ከእኔ ጋር ይተያያል! ይኸ ብረታችሁ ሳይመጣ እዚህ ስትግጥ ነው ያደገችው» አሉ። መንደሩ ወጣ፤ መንገደኞቹም ወረዱ። ከመንገደኞቹ አንዱ የአየር መንገዱ የቦርድ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ጃንጥላ ተፈልጎ አልተገኘላቸውም። ገልገሎ ኮቱን አውልቆ ማዋለድ ያዘ። የቦረና ልጅ ነው፤ አውሮፕላን ሳይነካ በፊት ብዙ ጥጃ ተቀብሏል።

አቶ አስራደ በሬዲዮ መጡ። በየጣቢያው ያለ ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር።

«ገልገሎ! ሰብሳቢው ፀሐይ ላይ ናቸው!»

«ላሟም ፀሐይ ላይ ናት፣ አቶ አስራደ።»

«አሁን ተነሥ፤ አለዚያ ከዚች ደቂቃ ጀምሮ የእኔ ሠራተኛ አይደለህም!»

«ገጽ ሦስት መቶ አሥራ አንድ።»

«ተባረሃል!»

ጥጃው ተወለደ፤ ቆመ፤ ከእናቱ ጋር ወደ መንደር ተነዳ። መንደርደሪያው ፀዳ። ገልገሎ ግን ከክንፉ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። ረዳቱ፣ «እንግዲህ እንሂድ» ቢለው፣ «ምን ሆነሃል? የተባረረ ሰው የሰው አውሮፕላን ያበራል?» ብሎ መለሰለት። አቶ አስራደ ዳሞቃ ላይ የነበራቸውን አንድ ካፒቴን ራሳቸው እንዳባረሩት የገባቸው ያኔ ነው።

ገልገሎ መባረሩን ሲሰሙ በዋናው ቢሮ የነበሩት አሥራ ሁለት አብራሪዎች ልባቸው ከዳቸው። አቶ አስራደ የይቅርታ ደብዳቤ አስተየቡ፤ አሥራ ሁለቱም ተሰልፈው ፈረሙ። ይትባረክ አልፈረመም። ሲጠየቅ እንደሚለው፣ ደብዳቤው የአመክንዮ ችግር ስለነበረበት ሁለተኛውን አንቀጽ እያረመ ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ምንትዋብ ከበረራ ገባች። እሷም ያን ቀን ሁለት ጣቢያ መንደርደሪያ በእግሯ ለክታ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ደብዳቤውን አየችው፤ አልነካችውም። በቀጥታ ወደ አቶ አስራደ ገባች።

«ሰብሳቢውን ማን ሊያመጣቸው ነው?»

«አንቺ ነሻ፣ ልጄ! አሁኑኑ ተነሺ!»

«በመጽሐፉ መሠረት ከሄድኩ ለመነሣትም ለመመለስም በእግሬ ልለካ ነው። ያኔ ይመሻል። ዳሞቃ መብራት የለውም። ሰብሳቢው ከወይዘሮ አመለወርቅ ቤት ያድራሉ።»

አቶ አስራደ ሰዓታቸውን አዩ። ምንትዋብ ከጠረጴዛቸው ወረቀት ስባ ቆማ ሦስት መስመር ጻፈች። ገልገሎ ወደ ሥራው ይመለስ። አብራሪዎቹ የሚመርጡት ዋና ፓይለት ከእንግዲህ ድልድሉን በየሐሙሱ ያውጣው፤ የወጣው አይለወጥ። አብራሪዎቹም መንደርደሪያ በእግር መለካታቸውን ይተዉ።

«ፈርሙና ልሂድ።»

ፈረሙ። ምንትዋብ ባዶ አውሮፕላን አስነሥታ በረረች፤ ዳሞቃም በዘበኛው ነጭ ጨርቅ አረፈች፣ በዚያው ጨርቅ ሰብሳቢውንና መንገደኞቹን ሁሉ ጭና ተነሣች። አንዲት እርምጃ አልለካችም። እጅ አንሥተው የተገባቡትን ቃል በተግባር ያፈረሰች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ሆነች። ለገልገሎ የመመለሻ ወረቀቱን ሰጥታው ነበር፤ እሱ ግን «እኔ እንደገና ሳልለካ አልነሣም» ብሎ ሲለካ መሸበትና ዳሞቃ አደረ። አዲስ የታለበ ወተት ሲጠጣ እንዳመሸ ይናገራል።

በማግስቱ ዋናውን ፓይለት ለመምረጥ ተሰበሰቡ።

አምስቱ፣ «ይትባረክ ነው» አሉ። «መጽሐፉን ባያነብ ኖሮ ምን ይዘን እንነሣ ነበር? ገልገሎ የቆመው በእሱ ገጽ ላይ ነው፤ ምንትዋብ የተደራደረችው በእሱ መሣሪያ ነው።» ሌሎቹ ግን፣ «እሱማ መነጽር ረስቶ ወንበር ሲያሞቅ ዋለ» ብለው ሳቁ።

አምስቱ፣ «ገልገሎ ነው» አሉ። «እንጀራውን አጥቶ ያልተነቃነቀ እሱ ብቻ ነው። እኛ ስንፈርም እሱ ላም ያዋልድ ነበር።» ሌሎቹ ግን፣ «ላሟ ባትኖር ኖሮስ? ለዕድል ነው እንዴ ሹመት የሚሰጠው?» አሉ።

አምስቱ ደግሞ፣ «ምንትዋብ ናት» አሉ። «ድልድሉን ያመጣችው እሷ፣ ገልገሎን የመለሰችው እሷ። በሦስት መስመር!» ሌሎቹ ግን፣ «ቃል አፍርሳለች፤ የሁላችንንም መሣሪያ ማንንም ሳታማክር አስረክባለች» ብለው ተቆጡ።

አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ይትባረክ ድምፁን የሰጠው ለራሱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱም ለራሳቸው እንደሰጡ ርግጠኛ ነበር። በኋላ ሲያጣራ ገልገሎ ለምንትዋብ፣ ምንትዋብ ለገልገሎ ሰጥተው ኖሯል። ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰም። «ጨዋ ለመምሰል ነው» ይላል።

አቶ አስራደም ውሉን አላፈረሱም። «ተስማምታችሁ አንድ ሰው አምጡልኝ፤ በዚያው ሐሙስ አስረክባለሁ» አሉ። እስከዚያው ድልድሉ በእሳቸው እጅ ነው። ይኸው አራት ዓመት ሆነው፤ ስድስት ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፤ ስድስቱንም ጊዜ አምስት፣ አምስት፣ አምስት ወጣ። ንጋት ላይ ስልኩ ዛሬም ይጮኻል።

ይትባረክ ያልጠየቀው ሰው የለም። የሥራ ክርክር ጠበቃ ጠየቀ፤ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብሎት ሄደ። ያስተማሩትን ፕሮፌሰር ጠየቀ፤ የሚያነበው መጽሐፍ ነገሩት። ሚስቱን ጠየቀ፤ «ምንትዋብ» ብላው ለአንድ ሳምንት ተኳረፉ። አንድ ቀን ከአሥራ ስድስት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ፣ የአየር ጠባዩ መልካም መሆኑን ለመንገደኞች ካበሠረ በኋላ፣ ነገሩን ከመነሻው ተረከና በድምፅ ማጉያው ጠየቃቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት፣ «ወንድሜ፣ አንተ ብቻ በሰላም አሳርፈን!» ብላ ጮኸችበት።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ እናንተ መጥቷል። የዋና ፓይለቱ ወንበር የማን ነው? መንገዱን አግኝቶ ያልሄደበት፣ በመንገዱ ላይ እንጀራውን ጥሎ የቆመው፣ ወይስ መንገዱን ዘግታ ሁሉንም ያደረሰችው? «ሦስቱም ይገባቸዋል» እንዳትሉት፤ ያን ሰምቶታል። «እንግዲህ እንደየሰዉ ነው» እንዳትሉትም፤ ያንንም ሰምቶታል። አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀው አንድ ስም ነው። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ይነሣና ስሙን ይጥራለት፤ ማን ነው?