«ገባን» ያሉ ውርንጭሎች

አንድ ጊዜ፣ አህዮች ትምህርት ቤት በነበራቸው ዘመን፣ በድምፅዋ አገር ያወቃት አንዲት አስተማሪ ነበረች። አህዪት ይሏታል። የምታስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጅብ ማምለጥን። አህያ ደግሞ ሌላ ምን ትማር?

ጠዋት ጠዋት ሾላው ሥር ትቆምና «ጅብ ሲሸታችሁ?» ትላለች። ውርንጭሎቹ በአንድ አፍ «ነፋሱን አይተን እንሮጣለን!» ይላሉ።

«ወዴት?»

«ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ መንደሩ!»

«ገባችሁ?»

«ገባን!»

አገሩ ይናወጣል። ወላጆች በሩቅ ቆመው የደስታ እንባቸውን ይጠርጋሉ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምተናል፤ የአህያ ዝማሬ ያስጥላል ያለ ግን ማን ነው? እሱን የጠየቀ አልነበረም።

ከሁሉ አጥርቶ የሚመልሰው የአህዪት የራሷ ልጅ ነበር። አንድ ጉም የሸፈነው ጠዋት ብቻውን ለግጦሽ ወጣ። በዚያው ቀረ።

ጎረቤት አልቅሶላት ወደ ግጦሹ ተመለሰ። አህዪት ግን ሣሩ አልዋጥ አላት። ማታ ስትተኛ ልጇ ይተኛበት የነበረውን ቦታ ትታ ጥግ ላይ ትኮራመታለች። ከሐዘኑ የባሰ አንድ ነገር ውስጧን ይበላት ነበር። «ልጄ እኮ ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አልሮጠም?» ትላለች። ብትናገርም የሚሰማት የለም።

ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። አንድ ቀን አያ ጅቦ ከወዲያ ማዶ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ አየችው። ወንዙን ተማምና ጠየቀችው።

«አያ ጅቦ፣ ልጄ ሲያይህ ምን አለ?»

ጅብ ምስጢር የት ያውቃል! ሆዱ ከሞላ አፉ አያርፍም።

«የትኛው? እ… ያ ድንቡሼው! ምንም አላለ። ግራ ቀኙን ያያል። ‹ምን ትጠብቃለህ?› ብለው ‹ማን ይጀምርልኝ?› አይለኝ መሰለሽ! የሾላው ሥር ተማሪዎች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ የሚጀምርላቸው ይጠብቃሉ። እግዜር ይስጥሽ መምህርት፣ እንዳታቋርጪ!»

አህዪት እዚያው ቆማ ተንሰቀሰቀች። ጅቡ እንኳ ግራ ገብቶት «ምን ክፉ ተናገርኩ?» እያለ ሄደ።

ግን በጅብ ምስክርነት ፍርድ ይሰጣል? አይሰጥም። ስለዚህ ራሷ ልትፈትን ተነሳች። ግማሾቹን እንደ ወትሮው በኅብረት አስደገመች። ግማሾቹን ግን አንድ በአንድ ወደ ቁጥቋጦው ጀርባ እየወሰደች «ጅብ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ? እስቲ አሳየኝ» አለቻቸው። የተሳሳተውን አረመች፤ ሰንበት ብላ ደግማ ጠየቀች። ከዚያ ጅብ የታከከበት እሾህ ላይ የቀረ ጠጉር ለቅማ፣ ውርንጭሎቹ አንድ በአንድ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ጣለችና ተደብቃ ተመለከተች።

ብቻቸውን የተጠየቁት ሽታው እንደደረሳቸው ነፋሱን አይተው ተፈተለኩ። በኅብረት የደገሙት ቆመው ቀሩ። አንዱማ ጠጉሩን አሽትቶ፣ ዙሪያውን አይቶ፣ በትንሽ ድምፅ «ገባን» አለ።

አህዪት ወላጆችን ሰብስባ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው። «ከእንግዲህ በኅብረት መድገም የለም። እያንዳንዱን ብቻውን ነው የምጠይቀው» አለች።

የሁለት ውርንጭሎች እናት የሆነችው ዳለቺት ብድግ አለች። «እህቴ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ። እኔ ልጄ ተማረ የምለው ድምፁን ስሰማ ነው። ከቁጥቋጦ ጀርባ ሹክሹክታ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?»

«እውነቷን ነው!» አለች ከዳር ቆማ ስታደምጥ የነበረች ቀበሮ፣ ዓይኗን እያስለመለመች። የጅብ ትራፊ ለቃሚ መሆኗን ማን ያስታውስ! «ትምህርት ማለት ድምፅ ነው። እኔ ለልጆቻችሁ ስል ሾላው ሥር አስተምራለሁ፤ ያውም በነፃ!»

ሁሉም ልጁን እየነዳ ወደ ቀበሮ ሄደ። አህዪት ዘንድ የቀረችው ወደዚያ የሚወስዳት ወላጅ የሌላት አንዲት ውርንጭላ ብቻ ናት። ሁለቱ ብቸኞች ቁጥቋጦው ጀርባ ይውላሉ። ከሾላው ሥር «ገባን!» የሚለው ጩኸት ሲመጣ የአህዪት ጆሮ ይወድቃል። «ተሳስቼ ይሆን እንዴ?» ትላለች። ደግሞ በዓይኗ ያየችውን ታስብና ውርንጭላዋን እንደገና ትጠይቃለች።

ክረምቱ ወጣ። ሣሩ ሲሳሳ ውርንጭሎቹ እየተበታተኑ ሩቅ መሰማራት ጀመሩ። አያ ጅቦም ከጥሻው ብቅ አለ። መጀመሪያ ያገኘው ወላጅ አልባዋን ነበር። አፉን ከፍቶ «ማን ይጀምርልኝ?» እስክትል ጠበቃት። እሷ እቴ! ነፋሱን አይታ ወደ መንደሩ ስትፈተለክ አቧራ ብቻ ጎረሰ። «ይቺ ደግሞ የማን ተማሪ ናት!» ብሎ ተራግሞ ወደ ሌሎቹ ዞረ። አህዪት ያኔ ብቻቸውን የጠየቀቻቸው አመለጡ። ከሾላው ሥር በቀር ሌላ ትምህርት የማያውቁት ግን ቆመው ጠበቁት። ቀበሮም ትራፊዋን ለቅማ ከአገር ጠፋች።

በማግስቱ ዳለቺት አንድ ልጇን ብቻ አስከትላ ወደ አህዪት መጣች።

«ታላቁ ከደጋሚዎቹ ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ። «ይሄ ከጎኔ ስላልራቀ ተረፈ፤ ገና ምንም አያውቅም። እባክሽ እህቴ፣ ይሄንን ብቻውን ጠይቂልኝ።»

አህዪት ትንሹን ወደ ቁጥቋጦው ወሰደችው። ልትጠይቀው ስትል እንባ ቀደማት። «ልጄን አንድ ቀን እንኳ ብቻውን ጠይቄው አላውቅም» አለች። ዳለቺትም አብራት አለቀሰች።

ውርንጭላው ፈርቶ ግራ ቀኙን ያይ ጀመር። አህዪት እንባዋን ዋጥ አድርጋ ፊቱ ቆመች። «አይዞህ፣ ጓደኛ አትፈልግ» አለችው። «አንተ የምታውቀውን ንገረኝ። እስክትነግረኝ እጠብቅሃለሁ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ማስተማራችን መልካም መሆኑ የሚታወቀው ተማሪዎች በኅብረት «ገባን» ሲሉ ሳይሆን እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሲቀሩ በሚያደርጉት ስለሆነ፣ አስተማሪ ጆሮውን ደስ ያሰኘውን ትቶ ፈትኖ ያረጋገጠውን መከተል እንዳለበት ነው።