ኬላው ላይ የተፈታ ጭነት

አንድ ሰው ነበረ። የጨው ነጋዴ ነበረ።

ቁጭ በይ እታገኝ፣ በሩን በሩን አትይ፤ ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም። አገራችን ከጎረቤቶቿ ጋር ከመሠረተችው ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ፣ ሰኞ ምክር ቤት እጄን ላወጣ ነውና ምን ይሻላል ብለሽ ነው የመጣሽው። እኔ ፖለቲካ አላውቅም፤ አንቺንም ያስተማርኩሽ ፊደልና ዳዊት ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ይህ ነጋዴ አሥራ አምስት በቅሎ ነበረው፤ ሁሉም የጠገቡ፣ ሁሉም እግረ ፈጣን። ዓመቱን የሚያበላው አንድ ጉዞ ነው። ከጨው አገር አሞሌ ጭኖ ደጋ ገበያ ይወጣል፣ ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሳይሞላ ይመለሳል። መንገዱን ብቻውን አይሄድም። ነጋዴዎች ሁሉ አንድ ላይ ሆነው፣ አንድ አለቃ ሾመው በቅፍለት ነው የሚጓዙት። የቅፍለቱ ደንብ የታወቀ ነው። የደከመ ይጠበቃል። አጋሰስ የወደቀበት እንደሆነ ሸክሙን ሌሎቹ ይከፋፈሉለታል። የት እንደሚታደር አለቃው ይወስናሉ።

ይህ ደንብ የነጋዴውን አንጀት ያሳርረው ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሦስት አህዮች ይዛ ቅፍለቱ ውስጥ ገብታለች፤ ከአህዮቹ አንዷ አንካሳ ናት። ነጋዴው ጠዋት ጠዋት ቀድሞ ጭኖ ይጨርስና ይቆማል። ይቀመጣል፣ ይነሣል። ሰማዩን ያያል፣ አንካሳዋን አህያ ያያል፣ ደግሞ ሰማዩን ያያል። የሌላ ሰው አሞሌ በበቅሎው ጀርባ ላይ ሲጫንማ ምግብም አይበላለትም። ቅሬታው ሐሰት አልነበረም፤ ይህን ያዢልኝ። በቅሎው የራሱ፣ ድካሙ የራሱ፣ የሚዘገየው ግን በሰው ምክንያት ነው።

አንድ ቀን ከብቶቹ ውኃ ሲጠጡ ብድግ አለና «በቃኝ አባቴ፣ ለብቻዬ እሄዳለሁ» አላቸው ለአለቃው።

አለቃው አልተቆጡም። ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ «ሂድ፤ የሚከለክልህ የለም። ኬላው ላይ ግን የእኔን ስም አትጥራ» አሉት።

ነጋዴው በልቡ ሳቀ። በዚያ ኬላ ሲያልፍ ሃያ ዓመቱ ነው። ኬለኛው ባየው ቁጥር ከመቀመጫው ተነሥቶ በስሙ ይጠራዋል፣ ልጆቹን አንድ በአንድ እያነሣ ይጠይቀዋል። ታዲያ የማን ስም ያስፈልገዋል? የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሰውዬውን ሰላምታ እንደ ማለፊያ ፈቃድ አድርጎ ወሰደው።

ሁለት ቀን እንደልቡ ገሰገሰ። የሚጠብቀው የለ፣ የሚያዘው የለ፤ እያንጎራጎረ ነበር የሚሄደው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኬላው ደረሰ። ኬለኛው እንደ ወትሮው ተነሣ፣ በስሙ ጠራው፣ የትልቋን ልጁን ጤና ጠየቀው። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግሮ ወደ መንገዱ አየ።

«ሌሎቹስ?»

«ለብቻዬ ነኝ።»

«ዋስህስ ማነው?»

«አንተ አታውቀኝም እንዴ?»

«አንተንማ አውቅሃለሁ ወንድሜ። ጭነትህን ግን አላውቀውም። ፍታ።»

ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ጭነቱ ሳይፈታ ያለፈው፣ አለቃው ቀድመው ገብተው «የያዝነው ጨው ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ» ይሉ ስለነበረ ነው። እሱ ሁልጊዜ በቅሎዎቹን እየነዳ ከአለቃው በኋላ ስለሚደርስ ያን ቃል ሰምቶት አያውቅም። ዋስ የሌለው መንገደኛ በአሞሌው መሀል ምን እንደደበቀ አይታወቅምና እያንዳንዱ እስር ተፈትቶ ይታያል። አሞሌ ደግሞ እንደ ልብስ ፈተው መልሰው የሚያስሩት ነገር አይደለም። ጨው አገር ያሉት ሰዎች በእርጥብ ልጥ ነው የሚያስሩት፤ ልጡ ሲደርቅ ይጠብቅና ጨው ሳይነቃነቅ ገበያ ይደርሳል። አንዴ ከተቆረጠ አለቀ። አሞሌው መሬት ላይ ተደረደረ፤ ጠርዙ ተሸረፈ፣ አንዳንዱም ለሁለት ተሰበረ። አይቶ የሚያሳልፈው ሹም በማግስቱ ይመጣል ተባለ። በማግስቱም አልመጣም።

ነጋዴው መቀመጥ አቃተው። ከጨው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጨው ይመላለሳል። ቡሉኮውን አውልቆ አሞሌው ላይ ጣለ፤ ከበቅሎዎቹ ጀርባ ድልድሉን ገፎ ጨመረበት። አልበቃም። ከሰዓት በኋላ ማካፋት ጀመረ፣ ጨውም ማላብ ጀመረ። ያን ጊዜ ፈራ። ሚስቱና ልጆቹ ዓመቱን የሚበሉት እዚያ መሬት ላይ እያላበ ነበር።

ቅፍለቱም ደረሰ። አለቃው ያችን ቃላቸውን ተናገሩ፣ ኬለኛው አጋሰሶቹን ቆጠረ፣ በሩ ተከፈተ። ከሁሉ ፊት የገባችው ያቺው አንካሳ አህያ ነበረች። ነጋዴው ሮጦ የአለቃውን ዘንግ ያዘ።

«አባቴ፣ ጠብቁኝ፤ ዋስም ሁኑኝ። ዛሬ እንደምንም ልሰረው፣ ነገ አብሬያችሁ ልለፍ።»

አለቃው ሰማዩን አዩ። ከልባቸው አዝነዋል። «የኛ ሰው ብትሆን እንጠብቅህ ነበር» አሉት።

እነሱም በደህና አልገቡም፤ ይህንንም ያዢልኝ። አንካሳዋ አቀበቱ ላይ ስትወድቅ ሸክሟን የሚቀበል ብርቱ በቅሎ ጠፋ፤ የሴቲቱ ጨው ግማሹ ገደል ሥር ቀረ። ነጋዴው ግን ሹሙ መጥቶ እስኪያሳልፈው ሲጠብቅ፣ ገበያው ከተበተነ በኋላ ነው የደረሰው። ስባሪውን ለከብት ማላሻ ወሰዱለት። ወንዙም ሞልቶ ጠበቀውና ክረምቱን ከልጆቹ ተለይቶ በሰው ደጅ ከረመ።

እንግዲህ እታገኝ፣ ነጋዴው አገራችን ናት፣ ቅፍለቱ ኅብረቱ ነው፣ ኬላውም ድንበሩ። «የሌላውን ሸክም ተሸክመን ዘገየን» የሚሉት ሰዎች አይዋሹም። እኔንም ያንገበግበኛል። ግን ሰሊጥ የጫኑት መኪኖቻችን ዛሬ በየጉምሩኩ ሳይራገፉ የሚያልፉት ጎረቤቶቻችን ስለሚወዱን እንዳይመስልሽ፤ ኅብረቱ ዋስ ስለሆነን ነው። ከወጣን በኋላም ተነሥተው ይቀበሉናል፣ የልጆቻችንን ጤና ይጠይቁናል። ከዚያ ፍቱ ይሉናል።

ውጡም ቆዩም አላልኩሽም። የምትወጡ ከሆነ ኬላው ላይ የሚቆምላችሁን ዋስ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ያ ሰው ዋስ እንደሚያስፈልገው የሰማው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። ሰኞ እጅሽን የምታወጪው አንቺ ነሽ፤ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ነሽ። ጭነቱ የሚፈታበት ግን ሰሊጡን ጭኖ፣ መኪናው አጠገብ ቆሞ ሰማዩን የሚያየው ገበሬ ነው።