የጣቢያው ሹምና የሚጠፋው ኮምፒውተር

አንድ ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ጣቢያ ሹም ነበረ። ሐዲዱ ተነቅሎ ጣቢያዎቹ ባዶ ከቀሩ በኋላ፣ ያ ዘመን እንዲሁ ተረስቶ መቅረቱ ቆጨው። ልጁ የተወችለትን አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ አቆመና መጻፍ ጀመረ። እሱ የሚያውቀው አንዱን ጣቢያ ብቻ ነው። መስመሩን እስከ ባሕሩ ወደብ ድረስ የሚያውቀው ሮብሌ የሚባል የድሮ ባቡር ነጂ ወዳጁ ነበር።

ሮብሌ ጉበቱን ታሟል፤ ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጡትም። ሆኖም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየመጣ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቢያዎቹን በተራ ያወራል። ፉጨቱን ከሩቅ ሲሰሙ የግመል ወተት ይዘው ስለሚሮጡት ሴቶች፣ በግራሩ ጥላ የደብዳቤ ከረጢት ተንተርሶ ስለሚተኛው ዘበኛ፣ በየሳምንቱ ከቤቷ መስኮት እጇን ስታውለበልብለት ስለኖረችው፣ ስሟን ግን ሳያውቀው ስለቀረው ልጅ። ሹሙ ይሰማል፤ ይጽፋል።

ኮምፒውተሩ ግን ድንገት ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆንና ድርቅ ይላል፤ ከዚያ ይጠፋል። የተጻፈውም አብሮ ይሄዳል። ያስቀመጠው እንኳ አንዳንዴ ፊደሉ ተዘበራርቆ ይገኛል። «እስቲ ድገምልኝ» ሲለው ሮብሌ ይሞክራል፤ የተደገመ ወሬ ግን እንደ መጀመሪያው አይሆንም።

ሹሙ ጥፋተኛ ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ ሚስቱን «የኤሌክትሪክ ምድጃሽን በሰካሽ ቁጥር ነው የሚጠፋው» አላት። «ዛሬ እኮ ሳልሰካው ነው የጠፋው» ብትለው አልሰማትም። ሴትዮዋ ምድጃውን ነቅላ ጓሮ ውስጥ በከሰል ታበስል ጀመር። ኮምፒውተሩ መጥፋቱን አልተወም። ቀጥሎ ቫይረስ ነው ብሎ ፕሮግራሙን ሁሉ እንደ አዲስ አስጫነ። ሦስት ቀን ደህና ሠራ፤ በአራተኛው ጠፋ። በመጨረሻ በወዳጁ ላይ ተናደደ። «አንተም በሳልና በዝምታ ሰዓቱን ትጨርሰዋለህ!» አለው። ሮብሌ ከዘራውን ይዞ ወጣ፤ አልተመለሰም።

እንዲህ ሁለት ወር አለፈ። ሹሙ ማሽኑን ሊጥለው ሲነሳ ሚስቱ «ከመጣልህ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳየው» ብላ ኮምፒውተር ወደምትጠግን ሴት ላከችው።

ጠጋኟ አልቸኮለችም። «የሚጠፋው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ሲሠሩ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«አይደለም። አንዴ በአምስት ደቂቃ፣ አንዴ በሁለት ሰዓት። ምክንያት የለውም።»

ክዳኑን ከፍታ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ሰሌዳዎች ነቀለች። «አባባ፣ ሜሞሪ የሚባለው ይህ ነው። የሚጽፉት ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ነጥብ ከተበላሸች፣ እዚያች ላይ ያረፈው ሁሉ ይበላሻል። ሌላ ቦታ ያረፈው ደህና ነው። ምክንያት የሌለው የሚመስለው ለዚህ ነው።»

አንዱን ብቻ መልሳ ሰካችና የሜሞሪ መፈተሻ ፕሮግራም አስጀመረች። ከጠዋት እስከ ቀትር ምንም ስህተት አልወጣም። ያንን ነቅላ ሁለተኛውን እዚያው ቦታ ሰካች። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ።

«ይኸው። በደህናው ብቻ ይሥሩ፤ ቀስ ይላል እንጂ አይከዳዎትም» አለችው።

ሹሙ ቤቱ ገብቶ የሚስቱን ምድጃ በገዛ እጁ ሰካ። «አጥፍቻለሁ» አላት። «ሁለት ወር ጭስ በላሁ እኮ» አለችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሮብሌ ቤት ሄደ። ሮብሌ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር። «ይቅር በለኝ» ሲለው፣ «የቱ ጣቢያ ላይ ነበርን?» አለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልጠፋችም። ነገር ግን ባሕሩ ጋ ለመድረስ ሁለት ጣቢያ ሲቀር ሮብሌ ዓይኑን እንደጨፈነ ቀረ። የእነዚያ የሁለቱ ጣቢያዎች ገጽ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ልጄ፣ ይህን ታሪክ የነገርኩሽ ስለ ጥያቄሽ ነው። «ከእህቴ ጋር በተገናኘን ቁጥር፣ አንዴ በልጆች፣ አንዴ በወጥ ጨው፣ ያለ ምክንያት እንጣላለን፤ ብርቃት አይሻልም ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጨውም ልጆችም አላጠፉም። በመካከላችሁ አንድ የቆሰለ ትዝታ አለ፤ ደግ ቃል እንኳ እዚያ ላይ ሲያርፍ ይበላሻል። ትዝታው የየትኛው ቀን እንደሆነ አብራችሁ ተቀምጣችሁ፣ አንድ በአንድ እያነሳችሁ ፈትሹ። የቀረው ፍቅራችሁ ደህና ነው።

ሂጂ እንግዲህ። እህትሽ ዛሬ አለች።