በጾም የጎደለው ወተት

አንዲት ትርንጎ የምትባል ሴት ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ትልቋ ሶስና ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ እዩኤል ገና አምስት ዓመቱ። ትርንጎ ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ልጆቿ «ሴት ያሳደጋቸው» እንዳይባሉ ነበር። ስለዚህ ልጆቹ ሲሄዱ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሲበሉ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሲጠየቁ ብቻ እየመለሱ አደጉ። ጎረቤቱ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው!» ባለ ቁጥር የትርንጎ ልብ ይሞቅ ነበር።

የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል ሁለቱንም በሥዕለ ማርያም ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ነቢያት ጌታ ይወለዳል እያሉ በጾም በጸሎት ጠበቁት» አለቻቸው። «እኛም እስከ ገና እንጠብቀዋለን። ዘንድሮ ሁላችንም እንጾማለን።»

«እኔም?» አለ እዩኤል።

«አንተም። የቤቱ ወንድ አይደለህም እንዴ?»

እዩኤል ደስ አለው። የቤቱ ወንድ መባል ለአምስት ዓመት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ሕፃን ጹም እንደማትል ትርንጎ ታውቃለች። አንዲት ጎረቤቷ «ኧረ ትርንጎ፣ ይሄ ጨቅላ ምን በደለ?» ስትላት ግን «ሰባት ዓመት ይሙላው የሚባለው ለሰነፍ እናት ነው» ብላ አፏን አስያዘቻት። ነገሩ በሰፈሩ ተወራ። በማኅበራቸውም ላይ አንዲት ባልቴት «የትርንጎን ልጅ አይተን እኛ ትልልቆቹ እንፈር» አሉ። ከዚያ በኋላማ ወደ ኋላ ማለት የማይታሰብ ሆነ።

በግቢዋ አንዲት የምትታለብ ላም ነበረች። በጾም ወራት ወተቷ ይጠራቀምና ይናጣል፤ ቅቤው ለገና ይቀመጣል። ላሚቱን የምታልበው፣ ቤቱን የምታሰናዳው፣ ልጆቹንም የምታጥበው አስናቀች የምትባል ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ነበረች። ልጆቹ ይወዷታል። እዩኤል እንቅልፍ እንቢ ሲለው የሚሄደው ወደ እሷ ነበር።

ጾሙ ትንሽ እንደ ገፋ፣ ሶስና ቅቤ የነካ ጣቷን ስትልስ እናቷ ደረሰችባት። ትርንጎ አልመታቻትም። ሥዕሉ ፊት አንበረከከቻትና «ጌታ ገና ሲሆን ወደዚህ ቤት አይመጣም፤ በአንቺ ምክንያት» አለቻት። ልጅቷ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። እዩኤል በሩን ተደግፎ ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በማሰሮው ውስጥ ያለው ወተት ይጎድል ጀመር። አንድ ቀን ትንሽ፣ በሌላው ቀን ከዚያ በለጥ ብሎ። ትርንጎ መጀመሪያ ዓይኗን ተጠራጠረች። ኋላ ግን ልጆቹን ጠርታ ጠየቀች።

«ወተቱን ማነው የነካው?»

ሶስና ወዲያው ማልቀስ ጀመረች። እዩኤል ግን ቀና ብሎ እናቱን አያት።

«አስናቀች ናት» አለ። «ስትጠጣ አይቻታለሁ።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ትርንጎም የእኔ ልጅ አይዋሽም አለች በልቧ። እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁትም።

አስናቀች ከጓዳ ተጠርታ መጣች። የተባለውን ስትሰማ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«እትዬ፣ እኔኮ ጾመኛ ነኝ። በማርያም አልቀመስኩም!» አለችና ወደ ልጁ ዞረች። «እዩዬ?»

እዩኤል የገዛ እግሩን ያይ ነበር። አስናቀች ጥቂት አየችው። ከዚያ ሶስና ተንበርክካ ወደነበረበት ቦታ ተመለከተችና አፏን ዘጋች። ያ ዝምታ ለልጁ ተብሎ እንደነበረ ትርንጎ የገባት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየችው ጥፋቷ የታወቀባት ሌባ ነበር።

«በጾም ወተት የምትሰርቅ ሰው ከልጆቼ ጋር አታድርም» አለቻት።

አስናቀች ዕቃዋን በነጠላ ቋጥራ ወጣች። ለምን እንደ ወጣች ለጠየቀ ሁሉ ትርንጎ ምክንያቱን ተናገረች።

ገና ሲቃረብ የትርንጎ የንስሐ አባት መምሬ ኅሩይ ቤቷን ሊባርኩ መጡ። ትርንጎ ልጇን አቀረበችላቸው። እዩኤል እጁን አጣምሮ የነቢያቱን ስም ሳይሳሳት ዘረዘረ። ካህኑ ተደሰቱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ራሱን እየዳሰሱ ጠየቁት።

«ጎበዝ! እስኪ ንገረኝ፣ ጌታ ሲወለድ ምን ሆኖ ነው የተወለደው?»

«ሕፃን ሆኖ።»

«ሕፃን ደግሞ ምን ይጠጣል?»

እዩኤል እናቱን አያት። ከዚያ ወደ ካህኑ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ለሁሉም በሚሰማ ሹክሹክታ፦

«ወተት» አለ። «ግን እናቱ ሳታይ።»

ትርንጎ የያዘችውን የጠበል ብርጭቆ አስቀመጠች።

ካህኑ ልጆቹን ወደ ውጭ ከላኩ በኋላ «ይህን ልጅ ማነው ጹም ያለው?» አሏት።

«እኔ ነኝ አባቴ። ለጌታ ብዬ ነው።»

«ለጌታ ብለሽ ቢሆን ኖሮ፣ ጌታ ራሱ የእናቱን ጡት እየጠባ ማደጉን ታስቢ ነበር። ለሰው ብለሽ ነው፣ ልጄ።»

መምሬ ኅሩይ እንደ ወጡ ትርንጎ እዩኤልን አቅፋ ተቀመጠች።

«ንገረኝ የኔ ጌታ፤ አልቆጣህም። ወተቱን አንተ ነህ የጠጣኸው?»

«አይደለሁም።»

«እማዬ እኮ ነኝ። ምንም አላደርግህም።»

«አስናቀች ናት። አይቻታለሁ።»

አሁንም ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ትርንጎ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ልጁ በእቅፏ ውስጥ ነበር፤ ግን ልትደርስበት አልቻለችም።

በማግሥቱ አስናቀችን ያመጣችላትን ደላላ ፈልጋ አገኘቻት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። «የወሰድኳት ቤት ሁሉ ‹ያቺ የጾም ወተት የሰረቀችው ናት?› እያለ መለሳት። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ይደርስ ነበር። የት እንደ ገባች እኔም አላውቅ። ወደ አገሯም አልተመለሰችም።»

ገና ሆነ። ቤቱ በእንግዳ ሞላ፤ ዶሮው ቀረበ፣ ቅቤው ሸተተ። ትርንጎ በሰው ሁሉ ፊት እውነቱን ልትናገር ቆርጣ ነበር። አስናቀች ሌባ አይደለችም፤ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልትል። ልክ ልትነሣ ስትል የማኅበራቸው ባልቴት የእዩኤልን ጉንጭ ሳሙና «ይኸውላችሁ በአምስት ዓመቱ የጾመ ልጅ! እናቱ ብፅዕት ናት» አሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እዩኤል አንገቱን ደፍቶ በጨዋነት ፈገግ አለ።

ትርንጎም ፈገግ አለችና ቃሏን ዋጠችው።

ልጆቻችንን በቤታችን የጌታን ልደት እንዲጠብቁ ማስተማር መልካም ነው። ሕፃን ግን የሚማረው ከምንነግረው ይልቅ ሲሳሳት ከምናሳየው ፊት ነው። ፊታችን ሲያስፈራው ጾምን አይማርም፤ መደበቅን ይማራል። የሚደበቅበት ሲያጣ ደግሞ ከእሱ የባሰ አቅም የሌለውን ሰው ከፊቱ ያቆማል። ለሰው አፍ ብለን የሠራነው ቅድስና ደሀ ያስባርራል፤ ጥፋታችንን ባወቅን ጊዜም እንኳ አፋችንን ይይዘናል።

እስኪ እርስዎ ወደ ቤትዎ ይመልከቱ። ልጆችዎ በዚህ ጾም የሚጠብቁት ጌታ የሚመጣበትን ቀን ነው? ወይስ እርስዎ ዞር የሚሉበትን ሰዓት?