የዕድሩ ፍላሽ

አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት ነው፣ የወንዝ ዳር ሰፈር ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ነቅሎ የመጣው ግን ለጉባኤው እንዳይመስላችሁ! ኮምፒውተሩን ለማየት ነው። የአንዷ አባል ልጅ ለዕድሩ በስጦታ የሰጠችው ኮምፒውተር ትንሽ ሠርቶ አልነሣም ብሎ ስለነበር፣ ዛሬ በሕዝብ ፊት አዲስ ሲስተም ሊጫንለት ነው። የሚጭነው ደግሞ ጌታሰው ነው። ጌታሰው ሥራው ታክሲ መንዳት ነው፤ ኮምፒውተር መነካካትም ይወዳል። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል።

ዕድሩ አንዲት አዲስ ፍላሽ ገዝቶ ሰጥቶት፣ ጌታሰው ዓርብ ዕለት መርካቶ ወሰዳትና ሲስተሙን አስጫነባት። እዚያው ሱቅ ውስጥ ሲሞክራት እሳት የላሰች ሆና አገኛት። ከዚያ በወጉ ለንብረት ያዡ ለጋሽ ዘለቀ አስረከባት። የዕድር ንብረት አባል ቤት አያድርማ!

ጋሽ ዘለቀን የማያውቅ የለም፤ ጋሽ ዘለቀ የማያውቁት ነገርም የለም። ሐኪም ሲያገኙ ስለ መድኃኒት ያስተምሩታል፣ ቄስ ሲያገኙ ስለ ቅዳሴ ያርሙታል። ቆጥቋጣነታቸውማ አይነሣ! ድንኳን ሊያወጣ የመጣን ሐዘንተኛ «እርግጠኛ ነህ ግን ሞቷል?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ቀይ ቀለማቸውን ነው። ድስት በሉት፣ ጭልፋ በሉት፣ ወንበር በሉት፣ የዕድሩ የሆነ ነገር ሁሉ በዚያ ቀለም ምልክት ይደረግበታል።

ጌታሰው ፍላሿን ሰካና ኮምፒውተሩን አበራ። ምንም የለም። ነቅሎ ሌላው ቀዳዳ ላይ ሰካት። ወይ ፍንክች! አጠፋ፣ አበራ፣ እንደገና አጠፋ። «ከፍላሿ ተነሣ» ብሎ ቢያዘውም ኮምፒውተሩ ጭራሽ ፍላሽ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። ሕዝቡ መንጫጫት ጀመረ።

«ገልብጠህ ስካት!» አለ አንዱ።

«ተገልብጣ አትገባም።»

«እፍ በልባት! የእኛ ሬዲዮ እፍ ሲሉት ነው የሚሠራው!»

እፍ አለባት። «ጠበል ይረጭበት እንጂ!» አሉ ደግሞ አንዲት እናት ከኋላ። እሱን ግን አልሞከረውም። 

ይህን ጊዜ ጋሽ ዘለቀ ብድግ አሉ። «እኔ ድሮም ብያለሁ! ኮምፒውተር እንደ ታክሲ በመሪ አይዞርም። ልጁ ፍላሿን አበላሽቷታል። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የዕድር ንብረት ያበላሸ ከዕድር ይሰናበታል!»

ጌታሰው ክው አለ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። እናቱ እማማ ጥሩነሽ እርጅና ተጫጭኗቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ ልጃቸው ከዕድር ከወጣ ነገ ለእሳቸው ድንኳን የሚተክልላቸው የለም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከቤት ሲወጣ «አደራ ልጄ፣ ከዕድር ሰው ጋር እንዳትጣላ! ያለ ድንኳን ብትቀብረኝ ተነሥቼ ነው በኩርኩም የምልህ!» ብለውታል። እሳቸው ደግሞ ያደርጉታል።

ፍላሿን ነቀለና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት። ላይዋ ላይ ቀይ ቀለም አለ፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ ማንንም አይገርምም። አፏ ውስጥ ሲመለከት ግን ወይ ጉድ! ኮምፒውተሩ የሚነካት ብረት በሙሉ በቀይ ቀለም ተለቅልቋል።

«ጋሽ ዘለቀ፣ አፏ ውስጥም ቀቧት እንዴ?»

«ታዲያስ! ላዩንማ ሌባ ይፍቀዋል። ድስቱንም ቢሆን ሌባ የማያስበው ቦታ ላይ ነው ምልክት የማደርግበት።»

«እኮ ኮምፒውተሩ የሚያነባት በዚያ በኩል ነው! በሉ ቀለሙን ከሚያቀጥኑበት ቤንዚን ጠብታ ይስጡኝና ልጥረጋት፣ አሁኑኑ ትሠራለች።»

ጋሽ ዘለቀ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁት? የዕድሩን ምልክት ልፋቅ ይለኛል! የዕድር ምልክት የፋቀማ ሌባ ነው። እሱም ከዕድር ያስወጣል!»

እንግዲህ ጉድ ፈላ። ካልፈቀ ፍላሿ አትሠራም፣ አበላሸ ተብሎ ይባረራል። ከፈቀ ሰረቀ ተብሎ ይባረራል። ሌላ እንዳያስጭን የመርካቶው ሱቅ እሑድ ዝግ ነው።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀለሙ ነው ያሳወራት!» አለ ጌታሰው።

«ቀለሙ ምንም አላደረገም!» አሉ ጋሽ ዘለቀ ደረታቸውን ነፍተው። «ዕድሜ ልኬን ስቀባ፣ ተቀብቻለሁና አልጣድም ያለ ድስት አላየሁም። አንተ ስላልቻልክበት ነው!»

ግማሹ ሕዝብ «እሱስ እውነት ነው» አለ። እውነት ነዋ፤ ቀለም የነካው ድስት ወጥ አልሠራም ብሎ አያውቅም።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ሲያነሡ ጸጥ ተባለ። ጋሽ ደምሴ ቅን ሰው ናቸው፤ ችግራቸው መጨረሻ ላይ የተናገረውን ሰው ማመናቸው ነው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ፍላሿን እያገላበጡ አዩዋት። ቀለም የተቀባ ነገር ከማየት በቀር የገባቸው ነገር የለም።

«እንግዲህ ልጄ፣» አሉ አዝነው፣ «ሕግ ሕግ ነው። የምትለው ካለህ በል፤ ከሌለህ አንቀጹን አነባለሁ።»

ጌታሰው ዓይኑ መነጽሩ ላይ ተተከለ። ከዚያ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይህን መነጽር ዕድሩ አይደለም እንዴ የገዛልዎት?»

«አዎ፣ ደንቡን እንዳነብበት። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጋሽ ዘለቀ፣ የዕድር ንብረት ሆኖ የእርስዎ ቀለም ያልነካው ነገር አለ?»

«እኔ ቆሜ? በፍጹም!»

«እንግዲያው ቶሎ ቀለሙን ያምጡ! ይህ መነጽር አምልጦዎታል። ፍሬሙ ላይ ግን እንዳይቀቡት፣ ሌባ ይፍቀዋል፤ መስታወቱን ግጥም አድርገው ይለቅልቁት። ከዚያ ጋሽ ደምሴ አንቀጹን ያንብቡልኝ። አልነበብ ካላቸው ቀለሙ ምንም አላደረገም፤ እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ደምሴ ብቻ አልሳቁም፤ መነጽራቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ዘለቀ! ባለህበት ቁም! ለልጁ ቤንዚኑን ስጠው፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ደግሞ ለእኔ አስረክብ!»